ስንት ቀረኝ?

በርገን የገባሁ ዕለት ዝናቡ ከጎን ነው የሚመታ፣
ጃንጥላዬን ገልብጦ ወሰደው፣ በዚያው በመጀመሪያው ማታ።
ስንሻው በሩን ከፈተ። አያውቀኝም፣ አላውቀውም፤
የአክስቴ ልጅ የድሮ ጎረቤት ነው፣ ዝምድናችን ከዚህ አይዘልም።
«ግባ» አለኝ። ፍራሽ ዘረጋ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ከማሞቂያው ጎን፤
ሦስት ወር ተኛሁ እዚያ ላይ፣ ሳይጠይቀኝ አንዲት ክሮን።

ስወጣ «ምን ልክፈልህ?» አልኩት። ሳቀ፤
«ተወው» አለኝ፣ ራሱን እየነቀነቀ።

«ተወው»። ሦስት ፊደል ናት። ከዚች ከሦስት ፊደል በላይ
የከበደ ዕዳ አላየሁም፣ በሰባት ዓመት ኑሮዬ ላይ።
የባንክ ብድር ቀን አለው፣ ወለድ አለው፣ ፊርማ አለው፤
የስንሻው ፍራሽ ግን ምን አለው?

ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኬ ይጮሃል፣ ገና በማለዳ፤
«ተኝተሃል?» «ኧረ ተነስቻለሁ!» ውሸት። ያነሳኝ ዕዳ።
አንዴ መጋረጃ ልንሰቅል፣ አንዴ ጎማ ልንቀይር፣
አንዴ ከኮሙን ለመጣ ደብዳቤ መልስ ልንሞካክር፣
አንዴም እንዲሁ፣ የማንገዛውን ሶፋ እያየን ስንዞር።
ከማሪት ጋር የያዝኩትን ቀጠሮ ሁለቴ ሰረዝኩ፤
በሦስተኛው እኔን ሰረዘችኝ። ለስንሻው ግን ትንፍሽ አላልኩ።

ይሉኝታ ቪዛ አይጠየቅ፤ ተሻግሮ ገብቷል ከእኔ ጋራ፣
አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ ውለታ ሲቆጥር በየተራ።

በኅዳር፣ አሥር ሰዓት ላይ ቀኑ በሚጨልምበት ሰሞን
ስንሻው ቤት ቀየረ፤
አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው፣
የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን
እሱ ከላይ የሚጎትተው፣ እኔ ከታች የምገፋው።
ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ግድግዳና ብረት መሃል
ማሽኑ ተቀረቀረ። ወደ ላይም፣ ወደ ታችም እምቢ ብሏል።
ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣
አፌ ብቻውን ተናገረ፣ በዚያ ጠባብ ደረጃ፦

«ስንሻው፣ ስንት ቀረኝ?»
«ከደረጃው?»
«አይደለም። ከፍራሹ።»

ዝም አለ። ከማሽኑ ሆድ የከረመ ውሃ
ጫማዬ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁ፤
ከዚያ ድምፁ መጣ ከላይ፣ ፊቱን እንኳ አላየሁ፦
«አንተ ሰው የለህም ብዬ እኮ ነው፣ ቅዳሜ ብቻህን እንዳትውል።
መጋረጃ መስቀል ያቅተኛል? ጎማስ መቀየር ይከብዳል?
እኔ ቅዳሜ መተኛት ነበር የምፈልግ፣ እስከ ስድስት፤
ካልደወልኩ ግን ይቀየመኛል እላለሁ። ሰባት ዓመት!»

ሳቄ መጣ። ከሳቄ ሥር ደግሞ የከፋው ነገር አለ፤
እኔ ክፍያ ያልኩትን፣ ለካስ እሱ ምጽዋት አለ።

አንዲት አሮጊት ጎረቤት እርጥብ ውሻ ይዛ መጣች፤
መንገዷን ዘግተናል። «ላግዛችሁ?» ብላ ቆመች።
«አይ፣ ምንም አይደል» አልን፣ ሁለታችንም ባንድ አፍ፣
ማሽኑ ደረታችን ላይ፣ ላባችን ሲንጠፈጠፍ።
እሷ ቃላችንን እንዳለ አመነች።
«እሺ» ብላ ውሻዋን ሳበች።
ያኔ ስንሻው፣ አዲስ ቋንቋ እንደሚማር ሰው
ቃል ከቃል እየለየ፦
«አዎ። እባክዎን። ያግዙን።»

ሰባ ዓመት ካለፋት ሴት ምን ይገኛል? አንድ ጣት ታህል ስፋት።
ማዕዘኑን በክርኗ ገፋች፤ ማሽኑ አለፈ በዚያች ክፍተት።

በሳምንቱ ቅዳሜ ስልኬ አልጮኸም።
ነጻ ወጣሁ ብዬ ተገለበጥኩ፣ እንቅልፍ ግን አልመጣም።
በአምስት ሰዓት ደወልኩ።
«ተኝተሃል?»
«አዎ።»
«እሺ።»
«ምን ፈልገህ ነው?»
«ምንም።»

አልዘጋም። እኔም አልዘጋሁ።
በእሱ መስኮት የሚወርደውን ዝናብ
በጆሮዬ ሰማሁ።